«አየሩ አለ፣ ግን አይወጣም»

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 24 ነው፤ ትራምፔት መጫወት ከጀመርኩ 5 ዓመት ሞላኝ። ችግሬ ትንፋሽ ነው። አየር በደንብ እስባለሁ፣ ማውዝፒሱን (የመንፊያውን ጫፍ) ከንፈሬ ላይ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ምንም የለም። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ጥርቅም ይላል። አየሩ አለ፣ ግን አይወጣም። ትንሽ ቆይቶ ኖታዋ ፈንድታ ትወጣለች። ብቻዬን ስለማመድ ብዙም አይታይብኝም፤ ከባንዱ ጋር ስሆን ይብስብኛል። በዚያ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስጫወት ይንቀጠቀጥብኛል። ከፍ ያሉ ኖታዎች ላይ ደግሞ አንዳንዴ ዓይኔ ላይ ጭልም ይላል። አስተማሪዬ “ከዲያፍራምሽ ንፊ፣ ሆድሽን አጠንክሪ” ይለኛል። ሳጠነክር ጭራሽ ይብሳል። ሳንባዬ ትንሽ ሆኖ ይሆን? ከ3 ሳምንት በኋላ መድረክ አለን፤ የመጀመሪያውን ዜማ የምከፍተው እኔ ነኝ። እባክዎ አንድ ነገር ይበሉኝ። — ትንፋሽ ያጠራት»

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን እያነበብኩ ሳላስበው እጄ ጉሮሮዬ ላይ ሄደ። የምትዪውን ቦታ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ልምምድ ላይ መሪው እጁን አወረደ፣ ሁሉም ገባ፣ እኔ ቀረሁ። ትራምፔቱ አፌ ላይ ነው። አየር ሞልቻለሁ። ፊቴ ደም መስሏል። ድምፅ ግን የለም። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ጎንበስ ብሎ በጣት የሚጫኑትን ፒስተኖች አየልኝ። ፒስተኖቹ ምንም አልሆኑም። የተዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የሳንባሽን ነገር እንገላገለው። ሳንባሽ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ችግሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ዜማው ሳያልቅ አየሩ ያልቅብሽ ነበር። አንቺ የምትቸገሪው ግን መጀመሪያ ላይ ነው፣ ገና ሞልተሽ ሳለ። የሞላ ጎተራ ይዞ ተራብኩ እንደማለት ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ግማሽ ሊትር ገደማ አየር ነው። በደንብ ከሳበ ግን አዋቂ ሰው እንደ ቁመቱ፣ እንደ ፆታውና እንደ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ሊትር ያንቀሳቅሳል። ትራምፔት ደግሞ ያን ያህል አየር በላተኛ አይደለም። ቱቦው ተዘርግቶ ቢለካ 1 ሜትር ተኩል አይሞላም። ግዙፉ የነሐስ መሣሪያ ቱባ ግን፣ ቢ ፍላት የሚባለው፣ 5 ሜትር ተኩል ይጠጋል። ቱባ አየር ይጠጣል። ትራምፔት የሚፈልገው ከብዛቱ ይልቅ ግፊቱን ነው።

እንዲያውም ከነሐስ መሣሪያ መምህራን ሁሉ ስለ ትንፋሽ በማስተማር ስሙ የሚጠራው አርኖልድ ጃኮብስ አስም ነበረበት። ያውም የቱባ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የቱባውን ወንበር ይዞ ኖሯል። ከሌላው ሰው ያነሰ አየር ይዞ ነው ያን ሁሉ ዘመን የተጫወተው። ስለዚህ የሳንባሽን ጉዳይ ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበት።

አሁን ወደ «ጥርቅም» እንምጣ። ቃሉን ወድጄዋለሁ፣ ትክክለኛው ስም ነው።

ጉሮሮሽ ውስጥ፣ የምትናገሪባቸው የድምፅ አውታሮች ባሉበት ቦታ፣ አንድ በር አለ። ይህ በር የተሠራው ለሙዚቃ አይደለም። ምግብ ስትውጪ ይዘጋል። ከባድ ዕቃ ስታነሺም ይዘጋል። ሞክሪው፤ አልጋ ወይም ቁም ሳጥን ለማንሳት ስትጎነበሺ ሳታውቂው ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፣ ሆድሽ ይጠነክራል፣ ደረትሽ ይወጠራል። አየሩ ውስጥ ተቆልፎ ወገብሽን እንደ ምሰሶ ይደግፈዋል። ሰውነት ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሐኪሞች ይህንን በተዘጋ መውጫ ላይ የመግፋት ነገር በአንቶኒዮ ቫልሳልቫ ስም ይጠሩታል። ጣሊያናዊ የሰውነት አካል ሊቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1704 ስለ ጆሮ በጻፈው ሥራ ላይ ነው የገለጸው። እሱ የፈለገው መግል ከጆሮ ማስወጣት ነበር። የትራምፔት ተጫዋቾችን እንዲህ እንደሚያሠቃይ መቼም አላሰበም።

አንቺ የምታደርጊው ይህንኑ ነው። አየር ትስቢያለሽ። ከዚያ ትቆሚያለሽ። ለምን ትቆሚያለሽ? ልታረጋግጪ። ከንፈሬ ቦታው ላይ ነው? ኖታዋ የቷ ነበረች? መሪው ሊሰጠኝ ነው? ይህ ሁሉ ጥያቄ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ያን ሁሉ አየር አንድ ነገር መያዝ አለበት። የሚይዘው በሩ ነው፤ ጥርቅም። ከዚያ ሆድሽን አጠንክረሽ ትገፊያለሽ። ሰውነትሽ ደግሞ «አሃ፣ ቁም ሳጥን ልናነሳ ነው» ብሎ በሩን ይበልጥ ያጠብቀዋል። በመጨረሻ ግፊቱ በሩን ያሸንፋል፤ ኖታዋም ፈንድታ ትወጣለች።

ብቻሽን ስትሆኚ የማይታይብሽም ለዚህ ነው። ብቻሽን ስትሆኚ የሚጠብቅሽ ሰው ስለሌለ ቆመሽ አታረጋግጪም። ከባንዱ ጋር ግን መሳሳት ያስፈራል። ፍርሃቱ መጀመሪያ የሚይዘው ትንፋሽን ነው።

አስተማሪሽን አትቀየሚው። «ከዲያፍራም ንፊ» የሚለው ነገር ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሲወርድ የኖረ አባባል ነው፤ እኔም ተብዬ አድጌያለሁ። ብቻ ነገሩ እንዲያ አይደለም። ዲያፍራም የመሳቢያ ጡንቻ ነው። ከሳንባ በታች እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ ሲኮማተር ወደ ታች ይወርድና አየር ይገባል። ሲወጣ ላልቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚገፉት የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ናቸው። ዲያፍራምሽን ደግሞ እንደ ክንድሽ በቀጥታ አይሰማሽም። ሰው በማይሰማው ጡንቻ ላይ ትእዛዝ ሲሰጠው የሚያጠነክረው ያገኘውን ነው፤ ሆዱን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ አንዳንዱም ቅንድቡን።

አንድ ነገር አሁኑኑ ሞክሪ፣ እያነበብሽ። እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊና ሕፃን እንደምታስተኚ ረጅም «ሽሽሽሽ» በይ። ሆድሽ ሳታዝዢው በቀስታ ገባ አላለም? አሁን ደግሞ አስቀድመሽ ሆድሽን ድንጋይ አድርጊና «ሽ» በይ። አለ አይደል፣ ትንሽ ማቃሰት የመሰለች ነገር ከጉሮሮሽ ቀድማ ትወጣለች። ያቺ ናት ጥርቅምሽ። ሆድ ሥራውን የሚያውቀው አየሩ ሲሄድ ነው፤ ቀድመሽ ስታጠነክሪው ይቆልፍብሻል።

እንግዲህ የሚሠራው ሥራ ይሄ ነው፦ በመሳብና በማስወጣት መሃል ያለችውን ማቆሚያ ማጥፋት። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ዥዋዥዌ አስቢ። ወደ ኋላ ሄዶ ጫፍ ሲደርስ «ቆይ፣ ልዘጋጅ» አይልም። እዚያው ዞሮ ይመለሳል። ትንፋሽሽም እንደዚያ ይዙር። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ ተዪው። ቁሚ፣ አንድ እጅሽን ፊትሽ ዘርጊ። አፍሽን «ሆ» እንደምትዪ አድርገሽ አየር ሳቢ፤ እጅሽ ወደ አንቺ ይምጣ። ከዚያ «ፉ» ብለሽ ሻማ እንደምታጠፊ አስወጪ፤ እጅሽ ወደ ፊት ይሂድ። እጅሽ ሳይቆም ይመላለስ። እጅ ከቆመ ትንፋሽም ቆሟል ማለት ነው፤ እጅ አይዋሽም። ስትስቢ የሚሰማውን ድምፅ ደግሞ አዳምጪ። እንደ ማዛጋት ወፍራምና ጸጥ ያለ ከሆነ ጉሮሮሽ ክፍት ነው። እንደ እባብ የሚያፏጭ ከሆነ ገና ከመግቢያው ጠቦብሻል። ማዛጋት ካቃተሽ መስታወት ላይ ጭጋግ ለመሥራት እንደምትተነፍሺ አድርገሽ ሞክሪ፤ ያኔ ጉሮሮ ምን ያህል እንደሚከፈት ይሰማሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ይህን ደጋግመሽ በፍጥነት ከሠራሽ ራስሽን ያዞርሻል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ሲወጣ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ማዞሩ ከዚያ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ሠርተሽ እረፍት አድርጊ።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ትራምፔቱን አውጪና ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ አድርጊው። በ4 ቁጠሪ። በ2፣ በ3 እና በ4 አየር ሳቢ፤ 1 ላይ ድምፁ ይውጣ። ኖታዋ በሁለተኛው መስመር ላይ ያለችው ሶል ትሁን፤ የማትከብድ ናት። እና ምላስሽን አትጠቀሚ። አዎ፣ ጭራሽ። ለመጀመሪያው ሳምንት ምላስሽን እረፍት አስወጪው። «ቱ» ሳትዪ «ፉ» ብለሽ ጀምሪ።

ድምፁ ያስጠላሻል። መጀመሪያ ባዶ አየር ይወጣል፣ ከዚያ ኖታዋ እንደተኛ ሰው እየተንጠራራች ትነሳለች። ግድ የለም። በዚህ ሳምንት የምንፈልገው ቆንጆ ድምፅ አይደለም፤ 1 ሲመታ አየሩ መንገድ ላይ መሆኑን ብቻ ነው። ሰው ኖታን የሚያስጀምረው ምላስ ይመስለዋል። ምላስ ግን የሚሠራው እየፈሰሰ ያለ የቧንቧ ውሃን በጣት ነካ እንደማድረግ ነው። ውሃው ከሌለ ጣቱ ምን ይሠራል? በሁለተኛው ሳምንት ምላስሽን መልሺው፣ ግን በዚሁ መንፈስ፤ ለስለስ ያለች «ዱ»፣ ለዚያውም አየሩ ላይ ተንሳፋ።

ሦስተኛው ነገር ትንሽ የሚያስቅ ነው፣ ግን እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ሆን ብለሽ ተሳሳቺ። ሜትሮኖሙ እየሄደ፣ 1 ላይ የመጣችው ኖታ ትምጣ ብለሽ ንፊ። ሶል ትሁን፣ ዶ ትሁን፣ ስንጥቅ ትበል፣ ምንም አይደለም። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሰዓቱን አታሳልፊ። ስሕተት ሲፈቀድ የሚረጋገጥ ነገር አይኖርም፤ የሚረጋገጥ ከሌለ በሩ የሚዘጋበት ምክንያት የለውም። እኔ ይህን ስሠራ ከአሥር ኖታ ስምንቱ ትክክል ሆነው ሲወጡ ገረመኝ። ስጠነቀቅ ያን ያህል አገኝ አልነበረም።

ስልክሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ቅጂ። የምታዳምጪው ግን ኖታዋን ሳይሆን ከኖታዋ በፊት ያለውን ነው። አየሩ ሲገባ ይሰማል። ከዚያ ጸጥታ ካለ፣ ወይም ትንሽ «ቅ» የምትል ድምፅ ካለች፣ ያቺ የበሩ ድምፅ ናት። ከጎን ቪዲዮ ብትቀጂ ደግሞ ትከሻሽና አገጭሽ ምን እያሉ እንደሆነ ታያለሽ። የእኔ አገጭ ከእያንዳንዱ ኖታ በፊት ወደ ደረቴ ትገባ ነበር፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው። ካላየሁት አላምንም ነበር።

ይህ ሁሉ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ስትሠሪው መልሰሽ መጠንቀቅ ትጀምሪያለሽ።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። ይሄ ከጥርቅሙ ጋር ዘመድ ቢሆንም መነሻው ሌላ ነው። ሳንባና የጎድን አጥንት ሲለጠጡ እንደ ፊኛ ናቸው። ጥግ ድረስ ከሞላሽ አየሩ ራሱ ሊወጣ ይታገላል፣ ሳትገፊው። ለኃይለኛ ድምፅ ይሄ ስጦታ ነው። ለስላሳ ኖታ ስትፈልጊ ግን ያንን ሁሉ የሚገፋ አየር መልሰሽ መያዝ አለብሽ። በምን ትይዢዋለሽ? ካላወቅሽበት በጉሮሮሽ። በሩ ግማሽ ተከፍቶ፣ ግማሽ ተዘግቶ ከአየሩ ጋር ሲታገል ነው ድምፁ የሚንቀጠቀጠው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥግ ድረስ አትሙይ። «ሁልጊዜ ሙሉ አየር ሳቢ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ለአጭርና ለስላሳ ሐረግ ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። ሶልን አንዴ ጢም ብለሽ ሞልተሽ፣ አንዴ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ይዘሽ በለስላሳው ንፊያት፤ ልዩነቱን ጆሮሽ ይነግርሻል። ሁለተኛው፣ ረጅም ሐረግ ሆኖ መሙላት ግድ ሲሆን፣ አየሩ እየወጣም ጎድኖችሽ ቶሎ አይከደኑ። አሁንም እየሳብሽ እንዳለሽ ሰፋ ብለው ይቆዩ። ያኔ አየሩን የሚይዙት የመሳቢያ ጡንቻዎችሽ ናቸው፣ ጉሮሮሽ ነፃ ይወጣል። «ዲያፍራም ዲያፍራም» የሚባለው ነገር እውነት የምትሆነው ምናልባት እዚህች ጋ ብቻ ነው።

ወደ ትንፋሽሽ መጨረሻ ስትደርሺ ነገሩ ይገለበጣል። ፊኛው ረግቧል፤ ሰውነት አየር መሳብ ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ ማስወጣት። እዚያ ጋ ሥራው ይከብዳል፣ አንገት ይገተራል። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አትጭመቂ። አንድ ቦታ ቀድመሽ ተንፍሺ፤ ማንም አይቀጣሽም። ሌላም አለ፦ ትራምፔት ብዙ አየር ስለማይወስድ አንዳንዴ ሐረጉ ሲያልቅ ሳንባሽ ገና ግማሽ ነው፣ አንቺ ግን ታፍነሻል። ያ ያደረ አየር ነው፤ ኦክስጅኑ የቀነሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የበዛበት። በላዩ ላይ ብትጨምሪ ይብስብሻል። መጀመሪያ ፍፍ ብለሽ አስወጪ፣ ከዚያ ሳቢ። «አየር አነሰኝ» ከሚሉት ተጫዋቾች ብዙዎቹ በእርግጥ የበዛባቸው ናቸው።

ከፍ ያሉት ኖታዎች ላይ ዓይንሽ ላይ ጭልም የሚለው ነገር ግን ቀልድ አይደለም። በዚህ ላይ ዝም ብዬ ልምምድ አልሰጥሽም። በኃይል ስትገፊ ደረትሽ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መንገድ ይጠበዋል። ከዚያ ወደ አንጎል የሚሄደው ይቀንሳል። ትራምፔት ሲጫወቱ ራሳቸውን ስተው የወደቁ አሉ። ስለዚህ ጭልም ማለት ሲጀምር ወዲያው አቁሚ፤ «ልጨርሳት» አትበይ። ከፍ ያሉትን ለጊዜው ተቀምጠሽ ተለማመጂ። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ አትቀጥዪ። ነገሩ ከተደጋገመ ወይም ሳትጫወቺም ከመጣ ሐኪም ይይሽ። ቤተሰብሽ ውስጥ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ለዓይን ሐኪምሽ ትራምፔት እንደምትጫወቺ ንገሪው፤ ኃይለኛ ከፍ ያለ ኖታ የዓይን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል።

ከፍ ያለ ኖታ ተጨማሪ አየር አይፈልግም። የሚፈልገው ጠባብ መውጫና ፈጣን አየር ነው። የውሃ ጎማ ጫፍ በአውራ ጣት ሲያዝ ውሃው ሩቅ እንደሚሄደው። ከንፈርሽ መሃል ያለው ቀዳዳ ከሰፋ የፈለግሽውን ያህል ብትገፊ ወደ ላይ አትወጪም፤ ትደክሚያለሽ እንጂ። ከፍ ያሉትን በለስላሳ ድምፅ ተለማመጃቸው። በለስላሳ ካልወጣች በጩኸት የምታወጫት ኖታ የጡንቻ እንጂ የአየር አይደለችም።

በነገራችን ላይ፣ አየሩ በአፍንጫሽ እያንኮራፋ የሚያመልጥሽ ከሆነ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በአፍና በአፍንጫ መሃል ያለው ለስላሳው ላንቃ ደክሟል ማለት ነው። እረፍት ያስፈልገዋል፤ ካልተሻለሽ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም። ስላልጻፍሽልኝ አልፌዋለሁ።

የመድረኩን ነገር እንጨርስ። 3 ሳምንት ለሙሉ ፈውስ ያንሳል፣ ዝም ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። ግን ለአንዲት ኖታ ይበቃል። አንቺን የሚያስጨንቅሽ የመክፈቻዋ ኖታ ነች፤ እሷን ነጥለሽ ተለማመጃት። እንዴት? ተሟሙቀሽ፣ ደጋግመሽ አይደለም። መድረክ ላይ የምትመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በቀዝቃዛ ከንፈር። ስለዚህ ትራምፔቱን የሆነ ቦታ አስቀምጪው። በቀን ውስጥ አሥር ጊዜ ያህል፣ ሌላ ሥራ እየሠራሽ ሳለ ድንገት ሄደሽ አንሺው፣ ቁጠሪ፣ ሳቢ፣ የመጀመሪያዋን ኖታ ብቻ ንፊ፣ መልሰሽ አስቀምጪው። ወጣችም አልወጣችም አትድገሚያት። ደግመሽ ከሞከርሽ ልምምድ ሆነች፤ መድረክ ላይ ድጋሚ የለም።

ከመግቢያሽ በፊት መሣሪያውን አፍሽ ላይ አድርገሽ አትጠብቂ። መጠበቅ ነው የሚዘጋሽ። ትራምፔቱ የሚነሳው አየሩ ሲገባ ይሁን፤ ሁለቱ አንድ እንቅስቃሴ ይሁኑ። ከድራመሩ ቁጥር ጋር ተንፍሺ፤ እሱ 2፣ 3፣ 4 ሲል አንቺ እየሳብሽ ነው፣ 1 ላይ ምርጫ የለሽም። በዚያች ሰዓት ስለ ጉሮሮሽም፣ ስለ ሆድሽም፣ እኔ ስለጻፍኩልሽም አታስቢ። ያ የቱባው ሰውዬ፣ ጃኮብስ፣ ለተማሪዎቹ ይላቸው የነበረውም ይህንኑ ነው፦ ሐሳብሽ መውጣት ያለበት ድምፅ ላይ ይሁን፣ ጡንቻ የራሱን መንገድ ያገኛል። ዜማውን በልብሽ እየዘፈንሽ ግቢ።

አስተማሪሽንም አናግሪው። «ሆዴን ሳጠነክር ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ እስቲ ጎኔ ቆመው ያዳምጡኝ» በይው። ጥሩ አስተማሪ ከሆነ ደስ ይለዋል።

አንድ የረሳሁት ነገር፦ ከሁሉም በፊት መሣሪያሽን ፈትሺ። የመጀመሪያውን ፒስተን ስላይድ (ተንሸራታች ቱቦ)፣ ፒስተኑን ሳትጫኚ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ሲወጣ «ፖክ» ካለ አየር አያፈስም። ከዚያ የውሃ ማፍሰሻዋን ቡሽ ዙሪያ በውሃ ነካ አድርገሽ ንፊ። አረፋ ካየሽ ቡሹ አልቋል። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ እያለ ሦስት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር ሲስብና ሲያስወጣ የከረመ። እኔም ስለ ጎድንና ስለ ጉሮሮ የማውቀውን ሁሉ አስተማርኩት። አንድ ቀን እየተጫወተ እጄ በአጋጣሚ ማፍሰሻዋ አጠገብ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ጣቴን ነካኝ። ቡሹን ቀየርንለት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ምንም ሳይል ስኬሉን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ተጫወተው። እኔም ምንም አላልኩም።